ከእንጦጦ ማዶ ያለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ለትምህርት ቤት ግቢ የሚሰጠው አገልግሎት፦ የዓመት ከመንፈቅ ግምገማ

በግንቦት 2016 ዓ.ም. በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ወፎችና ነፍሳት የሚኖሩበት፣ ተማሪዎችም በክፍለ ጊዜያቸው ወጥተው የሚማሩበት ቦታ እንዲያዘጋጅልን በሱሉልታ መንገድ ዳር ከሚገኙት የችግኝ ጣቢያዎች ከአንዱ ጋር ተዋዋልን። ይህን ግምገማ የምጽፈው ሁለተኛው ክረምት አልፎ፣ የተተከለው ሁሉ ውርጭም በጋም አይቶ፣ ስለ አገልግሎቱ ደፍሮ መናገር በሚቻልበት ጊዜ ነው። ጉድለቱንም ስለምጽፍ የጣቢያውን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ ጣቢያዎች በአዲስ አበባ ዙሪያ እየበዙ ስለሆነ፣ ለመዋዋል የሚያስቡ መምህራንና የወላጅ ኮሚቴዎች ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ከዚህ እንዲያገኙ እፈልጋለሁ።

ትምህርት ቤታችን ከእንጦጦ ማዶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ክረምት ጭቃው ጫማ በሚያስቀር፣ በጋ ደግሞ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ነው። በምሥራቅ በኩል አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ፣ በመግቢያው በኩል ተከርክሞ አጥር የሆነ የፈረንጅ ጥድ አለ፤ የቀረው ሜዳና ብሎኬት ነበር። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ከመጣ ወዲህ የከተማይቱን የማገዶና የቤት መሥሪያ ችግር ያቃለለ ባለውለታ ቢሆንም፣ ከሥሩ ሌላ ነገር እንዲበቅል እምብዛም አይፈቅድም፤ በመሆኑም ከአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ስለ ነፍሳት ስንማር አባጨጓሬ ፍለጋ ብንወጣ የምናገኘው ጉንዳን ብቻ ነበር። ከወንዶቹ ልጆች አብዛኞቹ ወፍን የሚያውቁት በወንጭፍ ነበር።

ውሉ ችግኝ ማቅረብን ብቻ የያዘ አልነበረም። ባለሙያ አስቀድማ ግቢውን አይታ ንድፍ ታዘጋጃለች፤ ጣቢያው 120 ችግኞች ያመጣል፤ ጉድጓድ አቆፋፈሩንና አተካከሉን ያሳያል፤ ለወፎች የሸክላ ውኃ መጠጫ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ንቦች ደግሞ የቀርከሃ ማደሪያ ያዘጋጃል፤ ለመምህራን የግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጣል፤ ከዚያም በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ እየተመለሰ ያያል። ለዚህ ሁሉ የከፈልነው 46,000 ብር ሲሆን ግማሹን የወላጅ ኮሚቴው አዋጥቶ ግማሹን ትምህርት ቤቱ ሸፍኗል። ችግኝ ብቻ ገዝተን ራሳችን ብንተክል ከዚህ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ እንደምንጨርስ እናውቅ ነበር፤ ስለዚህ አገልግሎቱ ዋጋውን ያወጣል ወይስ አያወጣም የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከባለሙያዎቹ እውቀትና ከመመላለሳቸው ነበር።

የመጀመሪያው ጉብኝት እኔ ከጠበቅሁት የተለየ ሆነ። የመጡት የዕፅዋት ሳይንስ የተማረች ወጣት ባለሙያና በጣቢያው ብዙ ዘመን የሠሩ አዛውንት አትክልተኛ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ሜትር ለመዘርጋት አልቸኮሉም። ባለሙያዋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ደርሳ፣ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት አጥሩ ሥር ቆማ የትኛው ወፍ የት እንደሚያርፍና ምን እንደሚለቅም ስትጽፍ ቆየች፤ ልጆቹ ሲመጡም «እዚህ ግቢ ውስጥ ምን ምን አይታችኋል?» ብላ ጠየቀቻቸው እንጂ ልታስተምራቸው አልሞከረችም። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ እኔ በሰባት ዓመት ያላየሁትን፣ ሲመሽ በውኃ ማማው ላይ የሚያርፍ ጉጉት እንዳለ ከልጆቹ ሰማሁ። አዛውንቱ ደግሞ በዶማ ሦስት ቦታ ቆፍረው፣ አፈሩን በመዳፋቸው አሽተው፣ በጉድጓዶቹ ውስጥ ውኃ አፍስሰው ሄዱና ከሰዓት በኋላ ተመልሰው አዩት። ውኃው ሳይሰርግ በቆየበት ጉድጓድ አጠገብ ቆመው «እዚህ ዛፍ አትትከሉ፤ ሥሩ ይታፈናል» አሉን፤ ቦታው ዛሬ ሣር ነው።

ከንድፉ ሁሉ ከፍተኛ ጥቅም ያስገኘልን ሐሳብ ግን አንድ ሳንቲም ያላስወጣን ነው። ባለሙያዋ በኋለኛው አጥር በኩል ስድስት ሜትር ስፋት ያለው ሣር ሳይታጨድ እንዲቆይ ጠየቀች። ርእሰ መምህራችን ያልታጨደ ግቢ ባለቤት የሌለው እንደሚመስል ተናገሩ፤ ወላጆችም እባብ ይመጣል ብለው ሠጉ፤ ሥጋታቸውም ተገቢ ነው። መፍትሔ የተደረገው በሣሩ መካከል አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሁልጊዜ የሚታጨድ መሄጃ ማውጣት፣ በአቅራቢያው ድንጋይና እንጨት እንዳይከመር መከልከል፣ ልጆችም ከመሄጃው ወጥተው በሣሩ ውስጥ በእግራቸው እንዳይገቡ ሥርዓት ማውጣት ነበር። ሣሩን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ግማሹን ብቻ እናጭዳለን፤ ገለባውን ዘበኛችን ለላማቸው ይወስዱታል። እስካሁን እባብ አልታየም።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ልጆቹ ከእረፍት ሲመለሱ በዚያ ሣር ውስጥ አደይ አበባ ፈንድቶ አገኙት። ማንም አልዘራውም። ዘሩ ከድሮም በአፈሩ ውስጥ ነበር፤ እኛ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሣሩን ስናጭድ ከማበቡ በፊት እናጠፋው ስለነበር ብቻ አይተነው አናውቅም። ከአበባው ጋር ቢራቢሮው፣ ከቢራቢሮው ጋር አባጨጓሬው፣ ከዚያም እስስቷ መጣች። አንዲት ተማሪ ሁለቱ የእስስት ዓይኖች በአንድ ጊዜ ወደ ተለያየ አቅጣጫ እንደሚዞሩ አይታ ደብተሯ ላይ የሣለችው ሥዕል አሁን በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

የዛፎቹ ምርጫ የጣቢያው ብርታትም ድካምም በአንድ ላይ የታየበት ነው። ብርታቱ ቶሎ አድገው ጥላ ስለሚሰጡ ብቻ የሚፈለጉትን እንደ ግራቪሊያ ያሉ የውጭ ዛፎች ትቶ አገር በቀሎቹን ማስቀደሙ ነው። ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ኮሶ፣ የሐበሻ ግራር፣ አንፋር፣ አሜጃ፣ ግራዋ፣ ቀጋና ኮሽም መጡልን፤ ለእያንዳንዳቸውም ምክንያት ተሰጠን። የወይራን ፍሬ ወፎች በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላሉ። የጥድን ፍሬ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር በሌላ አገር የማይገኘው፣ ክንፉ ጥቁር፣ የወንዱ ግንባር ቀይ የሆነው አረንጓዴ በቀቀን ይወደዋል። አንፋርና ግራዋ ንብ ይጠራሉ። ቀጋና ኮሽም እሾሃም ስለሆኑ ትናንሽ ወፎች ድመት የማይደርስበት ጎጆ ይሠሩባቸዋል፤ ፍሬያቸውንም ልጆች ይበሉታል። የኮሶ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች በመሆናቸውና ችግኝ ሳሉ ጾታቸው ስለማይለይ፣ ባለሙያዋ ቢያንስ አንዷ ሴት፣ አንዱም ወንድ እንዲሆኑልን ስድስት ችግኞች አስተከለችን። ይህን ምክንያት ለተማሪዎቼ በነገርኳቸው ቀን ስለ አበባ ብናኝ ከመጽሐፉ ሦስት ገጽ የማይገኝ ትምህርት ተማሩ። ወይራና ጥድ ፈጥነው የማያድጉ በመሆናቸው ፍሬያቸውን የሚያዩት ከትምህርት ቤቱ ከወጡ በኋላ እንደሚሆን ለልጆቹ በግልጽ ነግረናቸዋል፤ ያም ሆኖ ጥዱን ለመንከባከብ የሚሽቀዳደሙት እነሱው ናቸው።

ከየዛፉ አጠገብ በእንጨት ላይ የተመታ የቆርቆሮ ሰሌዳ ቆሟል፤ ስሙም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሳይንሳዊ ስያሜ ተጽፎበታል። ወይራ ኤጀርሳ፣ ጥድ ገቲራ፣ ኮሶ ሄቶ ተብሎ ተጽፎ ሲያዩ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች ለሌሎቹ አስተማሪ ሆኑ። ሰሌዳውን በምስማር ከግንዱ ላይ አለመምታታቸውም የሙያ ጥንቃቄ ስለሆነ ይመሰገናል።

በትምህርት ቤት ችግኝ መትከል አንድ የማይታለፍ ችግር አለው፤ ችግኝ የሚተከለው ሐምሌ ሲሆን ትምህርት የሚዘጋው ሰኔ ነው። ከዚህ በፊት በክረምት የተተከሉ ችግኞቻችን መስከረም ላይ ሣር ውጧቸው የሚያውቃቸው ልጅ የሌላቸው ሆነው ይቀሩ ነበር። ጣቢያው ይህን ችግር ሥራውን ለሁለት በመክፈል አቃለለው። ጉድጓዶቹን፣ ጥልቀታቸውም ስፋታቸውም 40 ሳንቲ ሜትር የሆኑትን፣ ተማሪዎች ራሳቸው በግንቦት ቆፈሩ፤ የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ከመሩ፤ የየቡድናቸውን ስም የያዘ ዱላ ተከሉበት። ተከላው የተከናወነው በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ነው፤ በአካባቢው የሚኖሩ 60 ያህል ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በካፊያ ውስጥ መጡ። አዛውንቱ ጥቁሩን ፕላስቲክ በምላጭ ቀደው፣ ከታች የተጠማዘዘውን ሥር ቆርጠው፣ ግንዱ ከአፈሩ የሚገናኝበት ቦታ እንዳይቀበር በጣታቸው እያሳዩ አንዱን ችግኝ ሦስት ጊዜ ተክለው ነቀሉት። ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ብዙ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ተከላው ሲያልቅ ልጆቹ ፕላስቲኩን ሁሉ ሰብስበው እንዲቆጥሩ አዘዙ። 118 ሆነ። «ሁለት ልጆች ገና አልተወለዱም» አሉ አዛውንቱ፤ ልጆቹም እየቆፈሩ ሁለቱን ከነፕላስቲካቸው የተቀበሩ ችግኞች አገኟቸው።

ድካሙ የታየው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ከ120ዎቹ ውስጥ 14ቱ ዋንዛ፣ አምስቱ ደግሞ ኮርች ነበሩ። ሁለቱም የአገራችን ዛፎች ናቸው፤ ኮርች እንዲያውም ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የማይበቅል፣ በቀይ አበባውም የአበባ ማር የሚቀስሙ ትናንሽ ወፎችን የሚስብ ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ ይበልጥ የሚስማማቸው ከእኛ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ብርዱ ከእንጦጦ ተዳፋት ወርዶ በሜዳችን ላይ ስለሚተኛ፣ በኅዳር መጨረሻ አንድ ማለዳ የአሥራ ዘጠኙም ቅጠል የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ጎመን ጠቁሮ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ልጆቹ አዘኑ፤ እኔም ከእነሱ አላነስሁም። ባለሙያዋ በታኅሣሥ ስትመጣ ስሕተቱ የጣቢያው መሆኑን ሳታስተባብል ተቀብላ፣ ችግኞቹ የተገዙት ዝቅ ካለ ቦታ መሆኑን ነገረችን፤ በ2017 ክረምትም አሥራ ዘጠኙን በኮሶና በሐበሻ ግራር በነጻ ተክተውልናል። አገር በቀል ነው መባሉ ብቻ እንደማይበቃ፣ ዘሩ ከየትኛው ከፍታ እንደተለቀመ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ የተማርነው በዚህ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ 120 ችግኞች 87 ጸድቀዋል። ከሞቱት 33 ውስጥ በውርጭ ከጠፉት ውጪ ያሉት 14ቱ ያለቁት በውኃ ጥምና በር ተከፍቶ በገቡ ፍየሎች ስለሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ከውርጩ ይበልጥ ያስቀየመኝ ነገር ግን ሌላ ነው። ጣቢያው በተከላው ቀን ከውሉ ውጪ በስጦታ መልክ ሃያ የአጥር ማስዋቢያ ችግኞች አምጥቶ ነበር፤ ቢጫና ሮዝ አበባ ያላቸው ውብ ቁጥቋጦዎች ናቸው። ልጆቹ «አባባ» የሚሏቸው ዘበኛችን ቅጠሉን ጨምቀው አሸተቱና «የኔ ልጅ፣ ይህ የወፍ ቆሎ ነው፤ ከብት ይገድላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የወፍ ቆሎ ከአሜሪካ አህጉር ለጌጥ መጥቶ በአገራችን የግጦሽና የእርሻ መሬት የወረረ መጤ ነው፤ ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በየቦታው ስለሚበትኑት በአንድ አጥር አይወሰንም፤ ያልበሰለ ፍሬውም ለሕፃናት አደገኛ ነው። ለጣቢያው ስንደውል በመጀመሪያ የተሰጠን መልስ ቢራቢሮ ስለሚስብ ይቆይ የሚል ነበር። ቢራቢሮ መሳቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን አገር በቀል ተክል አስቀድማለሁ ብሎ የተዋዋለ፣ በዙሪያው ከብት በሚሰማራበት ቦታ፣ ፍሬ ባየ ቁጥር ወደ አፉ የሚያደርግ ልጅ በሞላበት ግቢ ይህን ተክል ማምጣት አልነበረበትም። በሳምንቱ አዛውንቱ መጥተው ሃያውንም ከነሥራቸው ነቅለው ወሰዱ፤ በቦታው የግራዋ ቁራጭ ተከሉልን፤ እርሱም ዛሬ ከደረት በላይ ሆኗል። ተማሪዎቼ ቅጠሉ ጋን እንደሚታጠብበት ያውቁ ነበር፤ በበጋ ሲያብብ ንብ እንደሚወርበት ግን ያወቁት አሁን ነው።

ለወፎች ውኃ የሚቀመጥበትን ሳህን ጣቢያው ያሠራው በቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ነው። ሰፊ፣ ጠርዙ ቀስ እያለ ወደ መካከል የሚጎደጉድ፣ ጥልቀቱ በመካከሉ ከአራት ጣት የማይበልጥ፣ ውስጡም ወፍ እንዳያንሸራትት ሆን ተብሎ ያልተወለወለ ነው። ልጆቹ በሦስት ጉልቻ ላይ አስቀመጡት፤ ንብ እንዳትሰጥም ከመካከሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረጉበት። ቢንቢ እንዳይፈለፈልበት ውኃው በየሦስት ቀኑ ይለወጣል፤ ይህን የሚሠሩት በተራ ነው፤ ተራውን የረሳ ቡድን እስካሁን አላየሁም። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣ ችግኞቹ በውርጭ ከጠቆሩ በኋላ ነው፣ በሳህኑ ላይ እንደ መስታወት ቀጭን በረዶ ጋግሮ ነበር። በማጅራቷ ላይ ነጭ ላባ ያላት፣ እርሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ የሆነች እርግብ መጥታ ጠርዙ ላይ ቆመች፤ አንድ ጊዜ ወጋችው፣ ራሷን ቀና አድርጋ አየች፣ ሁለተኛ ወጋችው። በረዶው ተሰነጠቀ። ከመስኮቱ ጀርባ አምሳ አምስት ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመው ነበር። «ቲቸር፣ ጠጣች!» ያለው ልጅ ካለፈው ዓመት በፊት በወንጭፍ ምክንያት ወላጅ ያስጠራሁበት ነው። ከተሰጠን ዕቃ ሁሉ እንደገና እግዛ ብባል አስቀድሜ የምገዛው ይህን ሳህን ነው።

የቀርከሃው ማደሪያ ይህን ያህል አልተሳካም። ቀፎ የሌላቸው፣ እያንዳንዷ ለብቻዋ በጉድጓድ ውስጥ እንቁላል የምትጥል ንቦች እንዳሉ ብዙ ሰው አያውቅም፤ የቀርከሃ ቁራጮች ታስረው የሚሰቀሉት ለእነሱ ነው። የተሰጠን እስር ግን ገሚሱ ቁራጭ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ስለነበር ነፋስ ያሳልፋል፤ የተሰቀለውም ጠዋት ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ነበር። ለስድስት ወር አንዲትም ነፍሳት አልገባችበትም። በሁለተኛው ጉብኝት ባለሙያዋ አንድ ጫፋቸው በአንጓ የተዘጋ ቁራጮች ብቻ መርጣ እንደገና አሰረችው፤ በምሥራቅ ትይዩ ግድግዳ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ሰቀለችው። በሚያዝያ አራት ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ተገኙ። የስኬት መጠኑ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ስሕተቱ የተስተካከለው ሰው ተመልሶ በማየቱ እንደሆነ መመስከር ይገባኛል።

ለመማሪያ የተሰጡን ሥዕላዊ ካርዶች በአሠራራቸው ደካማ ናቸው። ወረቀቱ በፕላስቲክ ስላልተሸፈነ በመጀመሪያው ካፊያ ቀለሙ ፈሰሰ። ከዚህ የከፋው ስማቸው ነው፤ አራት የተለያዩ ወፎች በአንድ «ድንቢጥ» በሚል ስም ተጽፈዋል። ችግሩ የጣቢያው ብቻ እንዳልሆነ እረዳለሁ። በኢትዮጵያ ከ800 የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ ሁሉም ሰው በአማርኛ በስማቸው የሚጠራቸው ከቁራ፣ ከእርግብ፣ ከዋኔ፣ ከጭልፊት፣ ከጥንብ አንሣ፣ ከጅግራና ከቆቅ ብዙም አያልፉም። ሆኖም አዘጋጁ የማያውቀውን ስም ባልሆነ ስም ከሚተካው መልኩንና ጠባዩን ገልጾ ቢጽፍ ይሻል ነበር። እኛ እንደዚያ አደረግን፤ ረጅም ጅራት ያላትን፣ በቁጥቋጦ ውስጥ በመንጋ የምትሹለከለከውን ወፍ ልጆቹ «ጉትዬ» አሏት፤ ከጎኑ ሳይንሳዊ ስሟን ጻፍን። ረጅም ምንቃሩ ወደ ታች የጎበጠውን፣ ከጉሮሮው ትንሽ ቆዳ የተንጠለጠለበትን፣ ሲነሣ ሰፈር የሚቀሰቅሰውን አይቢስ ምን እንበለው የሚለው ክርክር ግን እስካሁን አላለቀም።

የመምህራን ሥልጠናው አጭርና ጠቃሚ ነበር። በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አምሳ አምስት ተማሪ ይዞ መውጣት አይቻልም የሚለው የሁላችንም መከራከሪያ ነበር። ባለሙያዋ ክፍሉን በአሥራ አንድ ቡድን ከፍላ ለእያንዳንዱ አምስት ልጆች አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መሬት በገመድ ለክታ ሰጠች፤ ያንኑ መሬት ዓመቱን ሙሉ እንዲያዩት፣ ያዩትንም በቀን እንዲጽፉት አደረገች። ሜዳው ሁሉ የማይበቃቸው የነበሩ ልጆች አንድ ካሬ ሜትር አርባ ደቂቃ ያዛቸው። የመሬት ትል፣ ጥንዚዛ፣ ቀንድ አውጣ፣ የሸረሪት ድር፣ የበቀለ የግራር ዘር በየደብተራቸው ተመዝግቧል። በጥቅምት ደግሞ ታጭዶ ባጠረው ሜዳ ላይ ጅራታቸውን ዘወትር የሚያወዛውዙ ደረተ ቢጫ ወፎች መጡ፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው በጋውን በእኛ ደጋ አሳልፈው ሚያዝያ አካባቢ የሚመለሱ መንገደኞች ናቸው። አንዱ ቡድን የመጡበትንና የሄዱበትን ቀን ለመመዝገብ ኃላፊነት ወስዷል።

በጣቢያው ምክር ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘው የበጋው ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር «በየአራት ቀኑ አጠጡ» ብሎ መሄድ ምክር አይባልም። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከሞቱብን ችግኞች ብዙዎቹ የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ራሳችን ያገኘነው መላ የክፍል ጣሪያ አሸንዳ ወደ አንድ ሮቶ እንዲፈስ ማድረግና፣ ልጆች ከየቤታቸው ባመጡት የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስተን ከሥሩ አጠገብ ዘቅዝቀን መቅበር ነው። አንድ ጠርሙስ ቀስ በቀስ እየተንጠባጠበ ሁለት ቀን ይቆያል። የወላጅ ኮሚቴዎች ከችግኙ ዋጋ አስቀድመው የሮቶውን ዋጋ እንዲያስቡ እመክራለሁ።

አቅም የሌለው ትምህርት ቤት ይህን አገልግሎት ሳይገዛ ሊጀምር ይችል እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ባልደረቦች፣ ያልታጨደውን ሣርና ውኃ የተሞላ ሳህን ዛሬውኑ መጀመር እንደሚቻል እነግራቸዋለሁ። ትልልቅ አገር በቀል ዛፎችን በአንድ ቦታ ለማሳየት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በእኛ በኩል ላሉ ትምህርት ቤቶች ቅርብ ነው፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ስለ ወፎች ለሚጠይቅ የተፈጥሮ ክበብ ጥሩ መነሻ ነው። ችግኝ ለመትከል ሲወሰን ግን፣ እንደ እኛ ባለ ከፍታና ጥቁር አፈር ላይ፣ አፈሩን በእጁ አይቶ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ የከፈልነው ገንዘብ አልጸጸተንም።

ለሁለተኛ ዓመት ከዚሁ ጣቢያ ጋር ተዋውለናል። በአዲሱ ውል ላይ ሦስት ነገር አስጨምረናል፦ ዘሩ ከ2,400 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ያልተለቀመ ችግኝ እንዳይመጣ፣ የሚመጣው ተክል ሁሉ ስም ዝርዝር ከተከላው አሥራ አምስት ቀን በፊት እንዲደርሰን፣ ከሦስቱ ጉብኝቶች አንዱም በየካቲት፣ ውኃ በሚጠፋበት ወር እንዲሆን። ዝርዝሩን ከኮሚቴው ጋር የሚመረምሩት ዘበኛችን ናቸው።